ፈረሱን ማን ወርዶ አየው?

ባለፈው እትም ስለ እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ስንጽፍ ጉድጓድ ውስጥ ይሠሩ የነበሩትን ፈረሶች በአንድ አንቀጽ ጠቅሰን አልፈናል። የመጣው ጥያቄ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ስለ እነሱ ነው። ስለ ሰዎቹ የጠየቀን የለም ማለት ይቻላል፣ ይኼ ራሱ ትንሽ ይገርማል። እሺ፣ ዛሬ ገጹ የፈረሶቹ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ካርዲፍ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ኬርፊሊ አጠገብ ከአፈር የተሠራ ግዙፍ የፈረስ ቅርጽ አለ፣ ሱልጣን ይሉታል። ልጆቼ ላዩ ላይ ሲሮጡ ይውላሉ። የማዕድን ፈረስ መታሰቢያ ነው አሉኝ። ግን ፈረስ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል? እንዴት አድርገውስ ነው የሚያስገቡት? (እናት፣ ከካርዲፍ)

መልስ፦ ልጆቹ ይሩጡበት እህቴ፣ መናፈሻ እኮ ነው። ርዝመቱ 200 ሜትር ገደማ ነው። ያለበት መሬትም ድሮ የፔናልታ የከሰል ማዕድን የነበረበት አካባቢ ነው።

የፈረሱ ሥራ መጎተት ነበር። ቆፋሪው ከሰሉን ፈልፍሎ ሃዲድ ላይ የቆመች ትንሽ ፉርጎ ይሞላል። ፈረሱ ፉርጎዎቹ ተቀጣጥለውለት፣ ብዙውን ጊዜ ልጅ የሆነ ነጂ እየነዳው፣ እስከ ዋናው መተላለፊያ ይስባል፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር የሚጎተት ገመድ ይረከባል። ሞተሩ ለምን እስከ ጫፍ አይሄድም ካልሽ፣ ከሰሉ የሚቆፈርበት ቦታ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ቁፋሮው በገፋ ቁጥርም ይቀያየራል። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ እግር ያለው ነገር ይሻላል። በአንድ የ8 ሰዓት ፈረቃ አንድ ፈረስ እስከ 30 ቶን ከሰል ሊጎትት ይችላል ይባላል፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሲመላለስ ውሎ ማለት ነው።

በደርሃም አካባቢ ፈረስ ጉድጓድ ገባ የሚለው የመጀመሪያው መረጃ የ1750 ነው። በብዛት የገቡት ግን ከ1842 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ ፉርጎውን የሚጎትቱትና የሚገፉት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ሴቶችን በሙሉ፣ ወንዶችን ደግሞ 10 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ። ሥራው ግን አልቀረም፣ የሚሠራው ተቀየረ እንጂ። በ1913 በብሪታንያ ማዕድኖች ውስጥ 70,000 ያህል ፈረሶች ነበሩ።

አወራረዱን በተመለከተ፣ ሠራተኛ በሚወርድበት አሳንሰር ነው የሚያወርዷቸው። ጉድጓዱ ጠባብ ከሆነ ፈረሱን በመረብና በጠፍር አስረው ከአሳንሰሩ ሥር አንጠልጥለው ያወርዱት ነበር። ምን እንደሚሰማው እናንተ አስቡት። ጣሪያው ዝቅ ባለበት በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ እንደ ሼትላንድ ያሉ ድንክ ፈረሶች ይመረጡ ነበር፣ እናንተ ያላችሁበት ዌልስ ግን ጠንከር ያለ፣ ትልቅ ፈረስ ይወዱ ነበር። በእግር በሚገባበት ማዕድን የሚሠሩት ማታ ማታ ወጥተው ላይ ያድራሉ። ቀጥ ባለ ጉድጓድ የወረዱት ግን ጋጣቸውም እዚያው ታች ነው። ፀሐይ የሚያዩት ማዕድኑ ለዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ነው፣ ወይ ደግሞ እንደ 1926ቱ ያለ ረጅም የሥራ ማቆም ሲመጣ። ካርዲፍ ካለሽ አይቀር ብሌናቨን ያለውን ቢግ ፒት ሙዚየም ሂጂ፣ ጋጣዎቹ ከነፈረሶቹ ስም ታች አሉ። ለልጆቹ ጃኬት መያዝ አትርሺ፣ ይበርዳል።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። እንግሊዞች ለእንስሳት ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ነን ይላሉ። መንግሥታቸው እነዚህን ፈረሶች የሚቆጣጠር ሰው ነበረው ወይስ ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሰው ነበረው። ግን ወንድሜ፣ ኢንስፔክተር መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ኢንስፔክተሩ ጉድጓድ መውረዱ ሌላ ነገር ነው።

የ1842ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ፣ በ1843፣ ሂዩ ሲሞር ትሬመንሂር የሚባል ጠበቃ የመጀመሪያው የማዕድን ኢንስፔክተር ሆኖ ተሾመ። ለአገሩ በሙሉ አንድ ሰው! እሱም ቢሆን ላይ ሆኖ እየጠየቀ ሪፖርት መጻፍ እንጂ ወርዶ መፈተሽ ሥራው አልነበረም። የሚጠይቀው ደግሞ በአብዛኛው የማዕድኑን ባለቤትና አስተዳዳሪ ነው፣ የእነሱን መልስ መገመት አያቅትህም። ጉድጓድ ወርደው የሚያዩ ኢንስፔክተሮች የተፈቀዱት በ1850 ነው፣ መጀመሪያ አራት ሰዎች። እነሱም የተላኩት ለጋዙ፣ ለአየሩ፣ ለጣሪያው ነው፣ ሰው እንዳያልቅ። ፈረሱ ከነጭራሹ በመዝገባቸው የለም።

እንስሳ ላይ መጨከንን በጠቅላላው የሚከለክል ሕግማ ነበር፣ የ1849ኙ። የእንስሳት ጥበቃ ማኅበሩም ከ1824 ጀምሮ አለ። የማኅበሩ ሰዎች መንገድ ላይ የጋሪ ፈረሱን በጅራፍ የሚገርፈውን አስቁመው ፍርድ ቤት ያቀርቡት ነበር። ማዕድን ግን የግል ይዞታ ነው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ አይገቡም። የለንደን መንገድ ላይ መቶ ዓይን አለ። ብዙ መቶ ሜትር ከመሬት በታች ያለው አንድ ልጅ፣ አንድ ፈረስና አንድ መብራት ነው። ምስክሩ ማን ይሁን?

በ1887 የወጣው የማዕድን ሕግ ፈረሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀሳቸው። ኢንስፔክተሩ ስለ አያያዛቸው መጠየቅ፣ መተላለፊያው እንዳይቧጭራቸው በቂ ስፋት እንዳለው ማየት ቻለ። ደካማ ነበር፣ ግን በር ከፈተ። ከዚያ እንግሊዝ ውስጥም ስኮትላንድ ውስጥም ያሉ ማኅበራት ለዓመታት ጨቀጨቁ። ሃሪ ላውደር የሚባለው ዝነኛ የስኮትላንድ ዘፋኝም ተነሣ፤ ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት ራሱ የማዕድን ሠራተኛ ስለነበር ፈረሶቹን የሚያውቃቸው በወሬ አይደለም። በ1911 ጉዳዩን ለዊንስተን ቸርችል አቀረበ። ቸርችል ያኔ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፣ ማዕድንም በዚያ መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ከ1906 ጀምሮ ማዕድኖችን ሲያጣራ የነበረው የንጉሣዊ ኮሚሽንም የፈረሶቹን ሁኔታ በዝርዝር አወጣ። በታኅሣሥ 1911 ትልቁ ሕግ ጸደቀ።

ይኼ ሕግ ከ4 ዓመት በታች የሆነ ፈረስ እንዳይወርድ አዘዘ። ከመውረዱ በፊትም ግላንደርስ ከሚባለው ተላላፊ በሽታ ነፃ መሆኑ ይመረመራል። ዓይነ ስውር ፈረስ ማሠራት ተከለከለ። ጋጣው ንጹሕ አየር ማግኘት አለበት፣ ምግብና ውሃም በሥራ ሰዓት ጭምር። ከሁሉም በላይ ግን ለእያንዳንዱ 15 ፈረስ ቢያንስ አንድ ብቁ ባልደራስ እንዲመደብና የፈረሶቹን ሁኔታ በየቀኑ በመዝገብ እንዲያሰፍር ተደረገ።

እኔን ከጠየቅኸኝ ሥራውን የሠራው ይህ መዝገብ ነው። ስለ ርኅራኄ የሚያወራ አንቀጽ ማንም ይጽፋል። መዝገቡ ከመምጣቱ በፊት ግን ፈረስ ጀርባው ላይ ቁስል ቢገኝበት ቁስሉ ቀን የለውም፣ ባለቤት የለውም፣ «ትናንት ነው የወጣበት» ካሉ አለቀ። መዝገብ ሲኖር ኢንስፔክተሩ በአንድ እጁ መዝገቡን፣ በሌላው ፈረሱን ይዞ ያስተያያል፤ ቁስሉ የደረቀ ከሆነና መዝገቡ ላይ ካልተጻፈ ባልደራሱ ዋሽቷል ማለት ነው፣ ባልደራሱ ደግሞ አስተዳዳሪው መዝገብ አታበላሽ እንዳለው ይናገራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ለፈረስ ብቻ የተመደቡ ኢንስፔክተሮችም ተሾሙ፣ የፈረሶቹ ቁጥርና ጉዳት በየዓመቱ በመንግሥት ሪፖርት መውጣት ጀመረ።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ማዕድኖቹ 3,000 ያህል፣ የፈረስ ኢንስፔክተሮቹ በጣት የሚቆጠሩ። ማዕድን ውስጥ ደግሞ ወሬ ከሰው በፊት ነው የሚወርደው። የሥራ ሰዓቱ ጉዳይም አለ። በ1908 በወጣ ሕግ የሰው የሥራ ቀን 8 ሰዓት ሆነ። ፈረሱ ግን አንዱ ነጂ ሲወጣ ሌላው ተረክቦ ለሁለተኛ ፈረቃ ሊወስደው ይችል ነበር፣ ፈረስ ሲጎድል ደግሞ ይህ ብርቅ አልነበረም። የጥናት ርእስ ከፈለግህ እዚህ ላይ ቆፍር።

ጥያቄ፦ ልጅ ሆነን አንድ መምህራችን የማዕድን ፈረስ ጨለማ ውስጥ ስለሚኖር ይታወራል ብለው አስተምረውናል። እውነት ነው? (ጡረተኛ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጨለማው አይደለም ጋሼ። ከጨለማ ወደ ቀን ብርሃን ሲወጡ ለትንሽ ጊዜ ይደናገራሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። እንዲያውም ለዓመት ዕረፍት ሜዳ ላይ ሲለቀቁ እንደ ውርንጭላ እየፈነጩ ነው የሚሮጡት፣ ችግሩ ዕረፍቱ ሲያልቅ መልሶ መያዙ ነበር። ሆኖም መምህርዎ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ዓይናቸው የጠፋ ፈረሶች ብዙ ነበሩ፣ ምክንያቱ ግን ጉዳት ነው። ከጣሪያ የሚወርድ ድንጋይ፣ የተሰበረ ድጋፍ እንጨት፣ አቧራ። ለዚህ ነው በድሮ ፎቶግራፎች ላይ ዓይንን ጭምር የሚከልል የቆዳ ቆብ አጥልቀው የሚታዩት። ዓይነ ስውር ፈረስ እንዳይሠራ ሕግ ማውጣት ያስፈለገውም ሲያሠሩ ስለነበር ነው።

ጥያቄ፦ ፈረስ የሚደበድበው ነጂው ነው፣ ነጂው ደግሞ ልጅ ነው ብላችኋል። ታዲያ ሲያዝ የሚቀጣው ማን ነበር? ልጁ ነው ባለቤቱ? (ከዱባይ)

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ልጁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

የክፍያውን ነገር ካላየን ጉዳዩ አይገባንም። ቆፋሪው የሚከፈለው ባወጣው ቶን ልክ ነው። ባዶ ፉርጎ ከዘገየበት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ የዕለት ገቢው ይቀንሳል። ስለዚህ ልጁ ላይ ይጮኻል። የበላይ ተቆጣጣሪውም በቀን ይህን ያህል ፉርጎ ይውጣ ብሎ ይጮኻል። ልጁ በማን ላይ ይጩህ? ከእሱ በታች ያለው ፈረሱ ብቻ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ፈረሱ ጀርባውን እየተላጠ ማለፍ ስለሚያመው ይቆማል፣ ልጁ ይመታዋል። መተላለፊያውን ከፍ አድርጎ መቆፈር የነበረበት ኩባንያው ነው፣ ግን ያ ገንዘብ ያስወጣል። ጅራፍ ደግሞ ርካሽ ነው። ኢንስፔክተር ሲመጣ የሚያየው ጅራፍ የያዘውን ልጅ ነው፣ ያልተቆፈረውን ጣሪያ ተከራክሮ ማስፈረድ ከባድ ነው። ልጁ ይቀጣል ወይ ይባረራል።

ዕድሜያቸውንም አስቡት። ከመሬት በታች ለመሥራት ዝቅተኛው ዕድሜ 13 የሆነው በ1900 ነው፣ 14 የሆነው ደግሞ በ1911፣ ያው ለፈረሱ 4 ዓመት በወሰነው ሕግ።

በሌላ በኩል እነዚሁ ልጆች ናቸው ምሳቸውን ከፈረሱ ጋር የሚካፈሉት። በማዕድን አካባቢ ያደጉ ሰዎች ሲያወሩ ስለ ጅራፍ ከሚያወሩት ይልቅ ፈረሱ ኪስ ገብቶ ዳቦ እንዴት እንደሚሰርቅ፣ አንድ ፉርጎ ሲጨመርበት በመቀጣጠያው ድምፅ አውቆ አልንቀሳቀስም እንደሚል፣ ጣሪያው ሊናድ ሲል ቀድሞ ሰምቶ በመቆሙ ነጂውን እንዳተረፈ ያወራሉ። የመጨረሻው እውነት ይመስለኛል፣ ፈረስ ጆሮው ንቁ ነው። እዚያው ማዕድን ግን ሌላም አባባል ነበር፣ ፈረስ ከሞተ ባለቤቱ ገንዘብ አውጥቶ ሌላ መግዛት አለበት፣ ሰው ከሞተ ግን ሌላው በር ላይ ቆሟል። ምሬት ነው፣ ግን ሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም። በ1913 ዌልስ ውስጥ ሴንግኼኒድ ላይ ማዕድን ሲፈነዳ 439 ሠራተኞች አለቁ። አስተዳዳሪው የተቀጣው 24 ፓውንድ ነው፣ ኩባንያው 10።

ስለዚህ ለፈረሱ ያዘነ ሕግ ለሰው የጨከነ ነው ብለህ እንዳትደመድም። ሁለቱንም የሚጎዳው ያው በቶን የሚሰላው ጥድፊያ ነው። ኢንስፔክተር ደግሞ ጥድፊያ የመክሰስ ሥልጣን አልነበረውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ መቼ ወጡ? ሕጉ ነው ያስወጣቸው? (ከደሴ)

መልስ፦ ሕጉ አላስወጣቸውም፣ ማሽኑ ነው። ከሰሉን የሚያመላልሰው የጎማ ቀበቶና ትንንሽ ባቡሮች ሲገቡ ፈረሱ ትርፍ ሆነ። ማዕድኖቹ በመንግሥት እጅ በገቡበት በ1947 የቀሩት 21,000 ያህል ነበሩ፣ በ1984 ደግሞ 55። በ1994 ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ካለው ኤሊንግተን ማዕድን የመጨረሻዎቹ አራቱ ወጡ። በብሪታንያ ከሰል ማዕድን የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ሮቢ የሚሉት ፈረስ ጡረታ የወጣው በ1999 ነው፣ በደቡብ ዌልስ ፖንቲፑል አጠገብ ከምትገኝ ትንሽ ማዕድን። አውስትራሊያ ኮሊንስቪል ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ፈረሶች ደግሞ በ1990 አቁመዋል።

ከወጡ በኋላ ሁሉም ሜዳ አልገቡም። የማይሠራ ፈረስ ወጪ ስለሆነ ብዙዎቹ ታርደዋል። ዕድለኞቹ መጠለያ አግኝተው አርጅተዋል፣ ለምሳሌ ቶኒ የሚባለው በ2011 ሲሞት 40 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ባለ ጋሪ ነኝ። የእንግሊዝ ፈረስ ምን አገባኝ ብዬ ነበር፣ ግን የፈረሴ ደረትና እግር ላይ ቁስል እየወጣ እየፈነዳ አላስቆም ብሎኛል። ከልጓሙና ከማነቆው ነው? እንደ እነሱ የሚያይልን ኢንስፔክተር ባይኖርም እናንተ አንድ ነገር በሉኝ። (ከሞጆ)

መልስ፦ ያገባሃል እንጂ! በዚያ የ1911 ሕግ ፈረሶች የሚመረመሩለት ግላንደርስ ቆዳ ላይ እንደዚህ እያበጠ እየፈነዳ ሊወጣ ይችላል፤ እኛ አገር የጋሪ ፈረሶችን በብዛት የሚያጠቃው ግን እሱን የሚመስል ሌላ በሽታ ነው፣ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ ይሉታል። በፈንገስ ይመጣል፣ በቆዳው ሥር ባሉ ቧንቧዎች ተከትሎ እንደ ተሰካ ዶቃ በተርታ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። የአንተ ፈረስ ይኼ ይያዘው ወይም የማነቆ ቁስል ብቻ ይሁን በደብዳቤ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አሁኑኑ ውሰደው፣ በሽታው ገና ሲጀምር ነው የሚታከመው፣ ከተስፋፋ በኋላ ግን ከባድ ነው። እስከዚያ ጋሪውን አታስጎትተው። ልጓሙን፣ ማነቆውን፣ የጀርባ ልብሱን ለጓደኛህ ፈረስ አታውስ፣ የእሱንም አትዋስ፤ ትንሽ ጭረት ካገኘ በዕቃም በዝንብም ይተላለፋልና። ቁስሉን የነካህበትን ጨርቅ አቃጥለው፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ እጅህ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ አትንካው። የማነቆ ቁስል ብቻ ሆኖ ከተገኘ እንኳን ደስ አለህ፣ የሚነካካውን ቦታ በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው፣ ናይሎን ገመድ ቆዳው ላይ እንዳያርፍ። የተፈወሰበትን ቀን ጻፍልንና በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።